የጤፍ ዱቄት ደራሲ

ፓተንት ድርሰት ነው ብዬ ልጀምር። ርዕስ አለው፣ ደራሲ አለው፣ የሚያስጨንቅ ችግር አለው፣ ችግሩን የሚፈታ ጀግና አለው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ድሮ ተረት መንግሥቱ ለጀግናው ይሰጣል። ከሃያ ዓመት በላይ ክፍል ውስጥ ቆሜ ልብ ወለድና ግጥም ሳስነብብ ኖሬያለሁ፤ ይህን የድርሰት ዓይነት የሚያስጠና የትምህርት ክፍል ግን አላየሁም። ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩት “የኛ ሥራ አይደለም” ይላሉ። ሕግ የሚያስተምሩት ቋንቋው ብዙም አያሳስባቸውም። መሐንዲሶቹ ደግሞ ሥዕሉን አይተው ያልፋሉ። እንግዲህ ማንም ካልነካው እኔ ልንካው፤ ዛሬ አንዱን አንስቼ እንደ ልማዴ ሂስ ልሰጥበት ነው።

ሰነዱ የአውሮፓ ፓተንት ቁጥር 1646287 ይባላል። ርዕሱ አጭር ነው፦ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ኔዘርላንድስ ውስጥ ማመልከቻ ገባለት፤ በ2004 ወደ አውሮፓው የፓተንት ቢሮ ተሻገረ፤ በጥር 2007 ጸደቀ። (ዘመኑን በፈረንጆቹ የምቆጥረው ጉዳዩ በነሱ አገር ስለተፈጸመ ነው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።) ፈልሳፊ ተብሎ የተመዘገበው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሆላንዳዊ።

ስለዚህ ሰነድ ያላወራ የለም። ታክሲ ውስጥ ተወርቷል፣ ሬዲዮ ላይ ተወርቷል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተወርቷል። “ጤፋችንን ወሰዱት”፣ “ጤፍን ፓተንት አስወጡበት”፣ “ነገ እንጀራ ለመጋገር ፈቃድ ልንጠይቅ ነው።” ቁጣው አልከፋኝም፤ ለጤፍ ያልተቆጣ ለምን ሊቆጣ ነው? የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ከተቆጡት ውስጥ ድርሰቱን ያነበበ ሰው ፈልጌ በጣት የሚቆጠር እንኳ ማግኘት ተቸገርኩ። ሰነዱ ደግሞ የተደበቀ አይደለም። ፓተንት ማለት ራሱ ገሃድ ማውጣት ነው፤ “ፈጠራዬን ለሕዝብ እነግራለሁ፣ በምትኩ ለተወሰነ ዓመት ብቻዬን ልጠቀምበት” የሚል ስምምነት ነው። የተነገረውን ያልሰማ ሕዝብ ታዲያ ምኑን ተከራከረ ይባላል?

ወደ ድርሰቱ እንግባ። የፓተንት ጽሑፍ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ትረካ ነው፦ ከዚህ በፊት ምን ይታወቅ ነበር፣ ምን ችግር ነበረ፣ እኔ ምን አገኘሁ፣ እንዴት ሞከርኩት። ሁለተኛው የይገባኛል አንቀጾቹ ናቸው። ትረካው ለአንባቢ ነው፤ አንቀጾቹ ለዳኛ ናቸው። የድሮ የመሬት ውል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ “በምሥራቅ የእከሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን ዋርካው…” እያለ አዋሳኙን ይቆጥራል። በፓተንትም እያንዳንዱ አንቀጽ በልማድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሁለት መስመርም ይሁን ሁለት ገጽ፣ አራት ነጥቡ አንዴ ብቻ ይመጣል። እኔ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ባቀርብ መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ያደሙት ነበር። እዚህ ግን ርዝመቱ አጥር ነው፤ እያንዳንዷ ነጠላ ሰረዝ አንድ ችካል ናት።

ደግሞ ዘውጉ የራሱ የሆነ አስገዳጅ ስሜት አለው፤ እሱም መደነቅ ነው። ሕጉ ፈጠራው “ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ” እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ የፓተንት ጸሐፊ በየገጹ መደነቅ አለበት። “በሚያስገርም ሁኔታ ታይቷል” የምትለው ሐረግ በዚህ ዘውግ ውስጥ ያላት ቦታ፣ በተረት ውስጥ “ከዕለታት አንድ ቀን” ያላትን ያህል ነው። ግሡንም ልብ በሉት፦ ታየ፣ ተገኘ፣ ተረጋገጠ። ማን አየው? ማን ቀድሞ ያውቀው ነበር? ተደራጊ ግሥ የባለቤቱን ስም የመዋጥ ችሎታው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያው ነው።

አሁን ወደ አንቀጽ አንድ። የድርሰቱ ልብ እዚህ ነው። በኔ አማርኛ ሳጠቃልለው እንዲህ ይላል፦ ከጤፍ ወገን ከሆነ እህል የተገኘ ዱቄት፣ እህሉ በሚፈጭበት ሰዓት የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ። አለቀ። ጤፍን አላለም። እንጀራንም አላለም። “ቁጥሩ ከ250 ያላነሰ ዱቄት” ነው ያለው። በቁጠባ ረገድ፣ ልናገር አይደል፣ ግሩም ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ገጣሚዎቻችን እንዲህ አሳጥረው ቢጽፉ ምን ነበረበት!

ይህ “የመውደቂያ ቁጥር” ያልኩት፣ ባለሙያዎቹ “ፎሊንግ ነምበር” የሚሉት፣ ምንድነው? ነገሩ ከስዊድን የመጣ የስንዴ መመዘኛ ነው። ሰባት ግራም ያህል ዱቄት በ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጥና በብርጭቆ ቱቦ ሆኖ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል። እየተማሰለ ይበስላል፣ ይወፍራል። ከዚያ ማማሰያዋ ዘንግ ከላይ ትለቀቃለች። በገንፎው ውስጥ ሰጥማ ታች እስክትደርስ የሚፈጀው ጊዜ ከማማሰያው ጊዜ ጋር ተደምሮ በሰከንድ ይቆጠራል። 250 ማለት 250 ሰከንድ ማለት ነው።

ዘንጓ ቶሎ ከወደቀች ገንፎው ቀጭን ነው ማለት ነው። ገንፎውን የሚያቀጥነው ደግሞ እህሉ ውስጥ ያለ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ስታርቹን እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እህል ሊበቅል ሲል ይህ ኢንዛይም ይነሳሳል። ጠላ የጠመቀች ሴት ይህን ነገር ላቦራቶሪ ሳትገባ ታውቀዋለች፤ ብቅል ማለት እኮ ሆነ ተብሎ ኢንዛይሙ የተቀሰቀሰ ገብስ ነው። በብቅል ዱቄት ገንፎ ላገንፋ ያለ ሰው እጁ ላይ ውሃ ይሆንበታል። በተቃራኒው በደንብ የደረሰ፣ የደረቀና ያረፈ እህል ኢንዛይሙ ጸጥ ስለሚል ቁጥሩ ከፍ ይላል። የአውሮፓ ወፍጮ ቤቶች የዳቦ ስንዴ ሲገዙ ይህን ቁጥር ይጠይቃሉ፤ 250 አካባቢም ለነሱ የተለመደ መለያ ነው። ስለዚህ አንቀጽ አንድን ከቁጥሩ አላቀን ስናነበው “ጤፉን ካጨድክ በኋላ ወዲያው አትፍጨው፤ ይረፍ” የሚል ምክር ይወጣዋል።

እናቴ በአዲስ ጤፍ ደስ ብሏት ጋግራ አታውቅም። “ውሃ አያነሳም፣ ይክረም” ትል ነበር። የከረመ ጤፍ ገበያ ላይ ለብቻው ስም አለው፣ ለብቻውም ይጠየቃል። ደግሞ ገበሬው ጤፉን አጭዶ ያን ዕለት ወፍጮ ቤት አይሮጥም። ይከምረዋል። ክምሩ እስኪወቃ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ከአውድማ ወደ ጎተራ ይገባል፤ ከጎተራ በቁና እየተሰፈረ ይወጣል። ጎተራ ማለት በሆላንዱ ድርሰት ቋንቋ “የመውደቂያ ቁጥር ማሳደጊያ” ነው ብል አልተሳሳትኩም መሰለኝ።

ከአንቀጽ አንድ በኋላ ያሉት አንቀጾች በክር እንደተሰካ ዶቃ ናቸው። “በአንቀጽ አንድ እንደተጠቀሰው ያለ ዱቄት” እያሉ አንዱ አንዱን ይይዛል። ሊጥ ይመጣል፤ ከሊጡ የሚሠሩ ምግቦች ይመጣሉ፤ ከዚያ የመጋገሪያው ዘዴ ይመጣል። ዘዴው ሦስት ደረጃ አለው፦ ዱቄቱን ከፈሳሽ ጋር መቀላቀል፣ ሲያስፈልግም ማብኪያ መጨመር፤ ሊጡን አሽቶ ቅርጽ ማስያዝ፤ ለጥቂት ጊዜ በሙቀት ማብሰል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ማቡካትንና መጋገርን በሦስት ተራ ጽፎ ማኅተም ማስመታት! ነገር ግን ሳቅ ሂስ አይደለም። ዘዴው ብቻውን አልቆመም፣ በዚያ በ250 ላይ ነው የተንጠለጠለው። ክሩ ከተበጠሰ ዶቃው ሁሉ ይበተናል፤ ክሩ ከጠነከረ ግን ሊጡም ምድጃውም የባለፓተንቱ ነው።

እዚህ ላይ ከድርሰቱ ወጥተን ወደኛ ሰነድ እንሻገር፤ የኛም ወገን ጽፎ ነበርና። ሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩታችንና የግብርና ምርምር ድርጅታችን ከዚሁ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍን ዘር ይጠቀማል፣ ከሚያገኘው ለኢትዮጵያ ያካፍላል። ውሉ በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ እንደ አርአያ ተወርቶለት ነበር። ውስጡ ጥሩ አንቀጽ አለ፦ ኩባንያው በጤፍ የዘር ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት አይጠይቅም ይላል። አዎን፣ በዘሩ ላይ አልጠየቀም። የጠየቀው በዱቄቱ ላይ ነው፤ ማመልከቻውንም ያስገባው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው። ነገሩ ሁሉ “ዘር” እና “ዱቄት” በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ያልቃል። የኛ ጸሐፊዎች ጎተራውን በትልቅ ቁልፍ ዘግተው ወፍጮ ቤቱን ክፍት ትተውት ሄዱ።

ከዚያ ምን ሆነ? ኩባንያው በ2009 ከሰረ ተባለ። ፓተንቱ ግን አብሮ አልከሰረም፤ እነዚያው ሰዎች ወደሚመሩት ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። ውሉ ደግሞ ከከሰረው ጋር ተቀበረ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ በገንዘብ ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ያህል ነው። አንድ ትንሽ የምርምር ፕሮጀክትም ተጀምሮ ነበር፤ በአጭሩ ቀረ። ስለዚህ ክፍል ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ሄግ። አዲሱ ባለፓተንት አንሸንትግሬይን፣ ባክልስ የሚባለውን የዳቦ ግብዓት አምራች “በጤፍ ዱቄቴ መብት ገባህ” ብሎ ከሰሰው። ባክልስ በበኩሉ “ድሮውንስ ይህ ፈጠራ ነው ወይ?” ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት ኅዳር 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ፓተንቱ በኔዘርላንድስ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ የፈጠራ ደረጃ ማጣቱ ነው፤ በተራ ቋንቋ ሲመነዘር፣ በድርሰቱ ውስጥ ያለው መደነቅ የውሸት ነው እንደማለት ነው። ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነን ነገር አይቶ መደነቅ ፈጠራ አያሰኝም። ባለፓተንቱም ይግባኝ አላለም። እኔ ዳኞቹን የማደንቃቸው በሂስ ዓይን ነው፦ ድርሰቱን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያዙት፣ ክሯን አገኟት፣ ሳቧት።

ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በ2011 ዓ.ም አጋማሽ ላይ ነበር። ደስታ ሆነ። “ጤፍ ተመለሰ!” ተባለ። የት ሄዶ ነበር የተመለሰው? እስቲ በቀስታ እናንብበው። ከሳሹ ሆላንዳዊ ኩባንያ ነው። ተከሳሹ ዱቄት የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ክርክሩ የሁለት ነጋዴዎች ነው። እናቴ “ይክረም” ማለቷን እዚያ ችሎት ቆሞ የተናገረላት ሰው የለም። ፍርዱም ከኔዘርላንድስ ድንበር አያልፍም፤ ፓተንቱ በሌሎች ጥቂት የአውሮፓ አገሮችም ተመዝግቦ ነበርና። ለነገሩ የአውሮፓ ፓተንት ዕድሜው ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ስለሆነ፣ ሁሉም ቢበዛ በ2024 የሚያበቃለት ነበር። እኛ የጨፈርነው ሌሎች ተከራክረው ባሸነፉት ነው። መጨፈሩን አልነቅፍም። ግን ጭፈራው ሲያበቃ “ለምን በኛ እጅ የተጻፈ ማስረጃ አልቀረበም?” ብሎ የጠየቀ ዓምደኛ አላየሁም።

በእንዶድ ጊዜ እኮ ቢያንስ የጻፈ ሰው ነበረን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ አይቶም አልቀረም፣ መረመረ፣ አሳተመ። በ1990ዎቹ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ለሌላ ጥቅም ፓተንት ሲያስወጣበት፣ ዓለም “ይህስ የኢትዮጵያ ነው” ለማለት የሚጠቅሰው ወረቀት በእጁ ነበረ። ለጎተራው እንዲህ ያለ ወረቀት ማን ጻፈለት?

ይህን ሁሉ የማወራው አሮጌ ቁስል ልቀሰቅስ ብዬ አይደለም። ጉዳዩ ዛሬም ደጄ ድረስ ስለመጣ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ በዘመድ በኩል ፈልጎ አገኘኝ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ከመርካቶ ወዲያ አነስተኛ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። የጤፍ መውቂያ ማሽን ሠርቷል። “ጋሼ፣ እርስዎ ጽሑፍ ያውቃሉ አሉኝ፤ ይቺን ነገር ይጻፉልኝ” አለኝ። የፈለገው የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ነው። ሕጉ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለእንደሱ ዓይነት ሰው ታስቦ የተጻፈ ቦታ አለው። ትልቅ ፈጠራ ባይባልም፣ በአገሩ አዲስ የሆነና በሥራ ላይ የሚውል ነገር ለአምስት ዓመት፣ ሲታደስም ለሌላ አምስት ዓመት ይጠበቅለታል። ግን መጻፍ አለበት።

ማሽኑን ሄጄ አየሁት። ችግሩ የገባኝ እዚያ ነው። የጤፍ ሺህ ፍሬ ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም። ስንዴን ከገለባ የሚለይ ነፋስ ጤፉን ከገለባው ጋር ይዞት ይሄዳል። ይህ ሰው ነገሩን አሸንፎታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጤፉ በአንድ በኩል እንደ ውሃ ይወርዳል፣ እብቁ በሌላ በኩል ይበራል። ወረቀቴን አወጣሁ።

“አዲሱ ነገር ምኑ ላይ ነው?” አልኩት።

“ወንፊቷ ላይ።”

“ወንፊት እኮ ድሮም አለ።”

“ጋደም አድርጌያታለሁ፣ ጋሼ። ነፋሱንም በጎን አስገብቼዋለሁ።”

“ምን ያህል ነው ያጋደምካት?”

“በዓይን።”

“የነፋሱስ ጉልበት?”

“እጅዎን ያስገቡ” አለኝ። አስገባሁ። “ይሄን ያህል!”

እንግዲህ “በዓይን” እና “ይሄን ያህል” የሚሉትን ይዤ ምን ዓይነት አንቀጽ አንድ ልጻፍ? ያኔ ነው 250 የታወሰኝ። ያ ሆላንዳዊ ከዚህ ሰው የሚበልጥ ነገር አያውቅም፤ እንደኔ ግምት እንዲያውም ያንሳል። ቁጥር ግን ነበረው። የኛ ሰው ዓይኑ ውስጥ ያለውን ዲግሪ አውጥቶ ወረቀት ላይ የሚያስቀምጥለት ሰው የለም። ጋራዡ ውስጥ የተማረ ልጅ አልጠፋም፤ ግን የተማረው ልጅ መለካት ተምሯል፣ አለቃው የሚያደርገውን ማየት አልተማረም። የኛ የሥነ ጽሑፍ ተመራቂ ደግሞ ስለ ጨረቃ እንጂ ስለ ወንፊት አንድ ገጽ ጻፍ ቢባል እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

አራት ቅዳሜ አብረን ተቀመጥን። ሰውዬው የልጁን ፕሮትራክተር ከደብተር ቦርሳዋ አውጥቶ ይዞ መጣ። የሸጣቸውን ማሽኖች ስንለካ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ገበሬዎቹ የሚያሞግሱት በቾ ያለውን ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ለካው፤ 17 ዲግሪ። እንግዲያው አልን፣ ከ15 እስከ 19። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ስጽፋት አመሸሁ፤ ነጠላ ሰረዙን አንዴ አስገባለሁ፣ አንዴ አወጣለሁ። ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና፣

“ይሄ የኔ ማሽን ነው፣ ጋሼ?” አለኝ።

“ነው እንጂ።”

“ታዲያ ምነው አላወቅሁት አልኩ?”

የምመልሰው አጥቼ አልነበረም፤ ስለ ዘውጉ ብዙ ልነግረው እችል ነበር። ግን ጥያቄው ከኔ መልስ ይበልጥ ትክክል መሰለኝና እንደገና አብረን ጻፍነው፤ በዚህኛው ላይ “ጋደም ያለ” የምትለው ቃል ከነዲግሪዋ ገብታለች።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። ሕጉ አዲስ የሆነን ነገር ነው የሚጠብቀው፤ አደባባይ አውጥተው ሲሸጡት ከርመው “አዲስ ነው” ማለት አያዛልቅም። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ሁለት በር አልፎ ያለው ጋራዥ ያችኑ ወንፊት እየሠራ መሸጥ ጀምሯል። “በስንት ዲግሪ?” አልኩት። “እሱማ በዓይን ነው፤ ጤፉን ይበትንበታል” አለኝ፤ ትንሽም ደስ ያለው መሰለኝ። ጽሑፉ አልቋል። ሥዕሉ ይቀረናል፤ አንድ የሥዕል መምህር ለሐሙስ ቀጥሮናል።